ያረጀ ባለሸራ ጀልባ ኢንሹራንስ እንዴት ይገባል? ሰርቬይ የሚጠየቀውስ መቼ ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ባለሸራ ጀልባዎች ከአሮጌ ቶዮታ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። እንደ ካታሊና 30 ያለ፣ መኝታ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ ቤተሰብ የሚይዝ ጀልባ በጥቂት ሺሕ ዶላር ሲገኝ የሰው ልብ ይሸፍታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባሕረ ሰላጤው ዳር ከተማ አናፖሊስ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ስለሆነ "እኔስ ለምን አልገዛም?" የሚሉ ወዳጆች ይደውሉልኛል። ስለ ንፋስና ስለ ሸራ ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን ወሬውን ወደ ኢንሹራንስ አዞረዋለሁ።

ምክንያቱም ራሴ ተቃጥዬበታለሁ። በ1979 የተሠራ ካታሊና 30 ገዝቼ (ቀናቱም ወራቱም ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስሙን ካዛወርኩ በኋላ ነበር ኢንሹራንስ ፍለጋ የተነሣሁት። ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ያለ ኢንሹራንስ ወረቀት አላስገባም አለኝ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ያለ ሰርቬይ (ባለሙያ ጀልባውን ፈትሾ ከሚጽፈው ሪፖርት ውጭ) አልሰጥም አለ። ሰርቬየሩ ጀልባው ከውሃ ካልወጣ አልፈትሽም አለ። ጀልባ ከውሃ የሚያወጣው ጋራዥ ደግሞ "ኢንሹራንስ አለህ?" አለኝ። ከዚህ አዙሪት ያወጣኝ እዚያው የራሱን ጀልባ ቀለም ሲቀባ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። "ለዛሬ የሦስተኛ ወገን ብቻ ግዛ፤ ያለ ሰርቬይ በስልክ የሚሰጡ አሉ። ጀልባውን አስወጣ፣ አስፈትሽ፣ ከዚያ ሙሉውን ትገባለህ" አለኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈታ። እናንተ ግን ወደ አዙሪቱ ሳትገቡ እንድታልፉ ቅደም ተከተሉን እነሆ።

1. የትኛው ሽፋን እንደሚያስፈልግዎ ይወስኑ

የሜሪላንድ ሕግ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤትን ኢንሹራንስ ግባ ብሎ አያስገድድም። የሚያስገድደው ማሪናው ነው። የማቆሚያ ውሉን ገልጠው ቢያነቡ አብዛኛውን ጊዜ 300,000 ወይም 500,000 ዶላር የሚደርስ የኃላፊነት ሽፋን ይጠይቃል። እኛ ከአገር ቤት "ሦስተኛ ወገን" ብለን የምናውቀው ይህ ነው፤ የሰው ጀልባ ቢገጩ፣ ሰው ቢጎዳ፣ ናፍጣ ውሃ ላይ ቢፈስ፣ ጀልባዎ ሰምጦ መተላለፊያ ቢዘጋ።

ለአሮጌ ጀልባ ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን አጥብቀው ይመልከቱ። የሰመጠን ጀልባ የሚያስወጣው ባለቤቱ ነው። ጠላቂ አለ፣ ክሬን አለ፣ መጎተቻ አለ፣ ከወጣ በኋላ ማስወገጃ ክፍያ አለ፤ ተደምሮ ከጀልባው ዋጋ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ የማውጫውን ወጪ እስከ ኃላፊነቱ ጣሪያ ድረስ ይከፍላል፤ ሌላው በጀልባው ዋጋ ልክ ይገድበዋል። ጀልባዎ ስምንት ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ከሆነና ፖሊሲው ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ፣ የያዙት ወረቀት ማሪናውን ያስደስት እንደሆነ እንጂ እርስዎን አያድንም።

ሙሉ ሽፋን ደግሞ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው "በስምምነት ዋጋ" የሚባለው ነው፤ ጀልባው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ገንዘብ ይከፈልዎታል፣ ክርክር የለም። ሁለተኛው "በወቅቱ ዋጋ" ሲሆን፣ የእርጅና ተቀንሶ የዕለቱ ገበያ የሚፈቅደው ብቻ ይሰጣል። አሮጌ ጀልባ ላይ ሁለተኛው አረቦኑ ስለሚቀንስ ያማልላል፤ ካሳው ሲመጣ ግን አንገት ያስደፋል። የስምምነት ዋጋ ቢይዙም እንኳ በከፊል ጉዳት ጊዜ ሸራ፣ ድንኳንና የምሰሶ ሽቦ (ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው) እንደ ዕድሜያቸው እየተቀነሰ እንደሚታሰብ አይርሱ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ጀልባው ከአሥር ሺሕ ዶላር በታች ከሆነና ቢጠፋ የቤትዎን ኪራይ የማያናጋ ከሆነ፣ ጠንካራ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ገዝተው ቀሪውን ገንዘብ ቫልቭና ሽቦ መቀየሪያ ያድርጉት። አዲስ ሞተርና ሸራ የገባበት ከሆነ ግን ሙሉውን ይግቡ።

2. ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ለኢንሹራንሱ ይደውሉ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ሻጩን "ሦስት ቀን ስጠኝ" ብለው የጀልባውን መለያ ቁጥር ይቀበሉት። ከኅዳር 1 ቀን 1972 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጀልባ ሁሉ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀርጾበታል። እሱን፣ የሞተሩን ዓይነትና ነዳጁን፣ ጀልባው የሚቆምበትን ቦታና ክረምቱን (የአሜሪካውን የብርድና የበረዶ ወቅት) የት እንደሚያሳልፍ ይዘው ይደውሉ።

ስለ እርስዎም ይጠይቃሉ፦ ከዚህ በፊት ምን ያህል ርዝመት ያለው ጀልባ ነበረዎት? ስንት ዓመት? የመኪና መንጃ ፈቃድዎ ላይ ቅጣት አለ? ጀልባ ለማያውቅ ሰው ለ30 ጫማ ጀልባ ሽፋን አይሰጡም ማለት አይደለም፤ ግን የአሜሪካ ሴይሊንግ ማኅበርን የመጀመሪያ ኮርስ የወሰደ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል። ሜሪላንድ ውስጥ ከሐምሌ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ሳይዝ የተመዘገበ ጀልባ መንዳት አይችልም፤ ስለዚህ ያንን ኮርስ እንደሆነ መውሰድዎ አይቀርም፣ ቀድመው ይውሰዱት።

ከዚያ ተራው የእርስዎ ነው። እነዚህን ይጠይቁ፦ ከስንት ዓመት በላይ ላለው ጀልባ ነው ሰርቬይ የምትፈልጉት? ከውሃ ወጥቶ ነው ወይስ እዚያው ተንሳፍፎ ይበቃል? የማንን ሰርቬየር ነው የምትቀበሉት? ሪፖርቱ ከስንት ወር በላይ ካለፈው አይሠራም? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ያድርጉ። በስልክ "ችግር የለም" ያለ ሰው በማግስቱ እዚያ ወንበር ላይ ላይኖር ይችላል።

"ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ አንቀበልም" ካሉዎት አይደንግጡ። ይህ የዚያ ድርጅት ደንብ እንጂ የገበያው ፍርድ አይደለም። በጀልባ ብቻ የሚሠራ ደላላ ካገኙ ብዙ ድርጅት ጋር በአንድ ማመልከቻ ይሞክርልዎታል።

አንድ ነገር ግን አይሞክሩ። ውሸት። የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ ከመኪናው ይልቅ በዚህ ይጠነክራል፤ አመልካቹ ሳይጠየቅም ቢሆን አደጋውን የሚቀይር ነገር ካወቀ እንዲናገር ይጠበቅበታል። ጀልባው ላይ ልትኖሩበት ከሆነ፣ ለሰው ልታከራዩት ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት ሰምጦ የወጣ ከሆነ ይናገሩ። የደበቁት ነገር ካሳ በሚጠይቁበት ቀን ቢገለጥ ፖሊሲው ከመነሻው እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

3. ሰርቬይ መቼ እንደሚጠየቅ ይወቁ

ሰርቬይ ማለት፣ አገር ቤት ቦሎ ለማግኘት የሚደረገው የመኪና ምርመራ ታላቅ ወንድም ነው። ገለልተኛ ባለሙያ ጀልባውን ከላይ እስከ ታች ፈትሾ ያለበትን ሁኔታና የገበያ ዋጋውን ጽፎ ይፈርማል። ኢንሹራንሱ ጀልባውን በዓይኑ አያየውም፤ የሚያየው ይህንን ወረቀት ነው።

የመጀመሪያውና ዋናው ጊዜ አዲስ ሙሉ ሽፋን ሲያመለክቱ ነው። የዕድሜው ገደብ እንደ ድርጅቱ ይለያያል፤ አሥር ዓመት የሚሉ አሉ፣ ሃያ የሚሉም አሉ። በ1970ዎቹ የተሠራ ጀልባ ግን በየትኛውም መስፈሪያ ያልፈዋል፣ ስለዚህ "ይጠየቃል" ብለው ይነሡ። አብዛኞቹም ከውሃ የወጣ ፍተሻ ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛው እድሳት ነው። ብዙ ድርጅቶች አሮጌ ጀልባን በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ እንደገና አስፈትሹ ይላሉ። ደብዳቤው እድሳቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩ ይመጣል። በሚያዝያ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ጀልባውን ውሃ ላይ የሚያሳርፍበት ወቅት ነውና ሰርቬየርም ክሬንም አይገኝም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሰርቬይ መቼ እንደሆነ ፖሊሲው በእጅዎ በገባ ቀን ይጠይቁና ክረምት ላይ፣ ጀልባው በየብስ ቆሞ ሳለ፣ ያስፈትሹ። ማውጫ ክፍያው ሁለቴ አይሆንብዎትም።

ሦስተኛው ድርጅት ሲቀይሩ ነው። አሮጌው ድርጅት አሥር ዓመት ያለ ጥያቄ ያሳደሰዎትን ጀልባ አዲሱ እንደ እንግዳ ያየዋል። አረቦን ላይ ሰማንያ ዶላር ለማትረፍ ብለው ድርጅት ቀይረው ስምንት መቶ ዶላር ለሰርቬይ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ይባስ ብሎ አዲሱ ሰርቬይ ሌላ የጥገና ዝርዝር ይዞ ይመጣል።

ከእነዚህ ውጭ ጀልባውን አድሰው የስምምነት ዋጋው ከፍ እንዲልልዎ ሲጠይቁ፣ ባንክ ሲያበድርዎ፣ ወይም ከቼሳፒክ ወጥተው ወደ ባሃማስና ካሪቢያን ለመሄድ ሲያስቡ ይጠየቃል። በመጨረሻው ጊዜ የምሰሶና የሽቦ ምርመራ ለብቻው ሊጨመር ይችላል። የሦስተኛ ወገን ብቻ ለሚገዛ ግን ብዙውን ጊዜ አይጠየቅም፤ ቀደም ሲል የተረክኩት ማምለጫም በዚህ ነው የሠራልኝ።

ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ሰርቬየር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚልከውም የሚከፍለውም ኢንሹራንሱ ነው። ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቡናም ይጋብዙት፤ ግን የእርስዎ ሰርቬየር እንዳልሆነ ያስታውሱ።

4. ሰርቬየሩን ራስዎ ይምረጡ

የፌዴራል መንግሥት ለመዝናኛ ጀልባ ሰርቬየር ፈቃድ አይሰጥም። ቢዝነስ ካርድ አሳትሞ "ሰርቬየር ነኝ" ያለ ሁሉ ሰርቬየር ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሶች የሚመለከቱት የሙያ ማኅበር አባልነትን ነው። ሁለቱ የታወቁት በምሕፃር ሳምስ እና ናምስ ይባላሉ። ሳምስ ውስጥ ሙሉ አባል የሆነው "ኤኤምኤስ"፣ ናምስ ውስጥ ደግሞ "ሲኤምኤስ" የሚል ከስሙ ቀጥሎ ይጽፋል። ገና በመማር ላይ ያለ ተባባሪ አባልን የማይቀበሉ ድርጅቶች አሉና መዝግበው ይጠይቁ።

የሻጩ ደላላ "እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ" ካለዎት አመስግነው ይለፉት። ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንጀራው ከደላላው ጋር የተያያዘ ሰው መጥፎ ዜና ለመናገር ይከብደዋል። ይልቅ የቀድሞ ሪፖርት ናሙና እንዲልክልዎ ይጠይቁት። ሦስት ገጽ ከሆነ ይተዉት። ሃያ ገጽ ሆኖ ፎቶ ካለበትና እያንዳንዱን ጉድለት ከደረጃ ጋር ካያያዘ ጥሩ ነው። ደረጃዎቹን የሚያወጣው የአሜሪካ የጀልባና የያክት ምክር ቤት ሲሆን ዋና ቢሮው እዚሁ አናፖሊስ ነው።

ክፍያው በጫማ ይሰላል፤ በጫማ ከ20 እስከ 30 ዶላር ብለው ያስቡ። ለ30 ጫማ ጀልባ ከ600 እስከ 900 ዶላር ይሆናል። የክሬኑ ክፍያ ለብቻው ነው። የሞተር መካኒክና ምሰሶ ላይ የሚወጣ ባለሙያም ለብቻቸው ናቸው፤ ሰርቬየሩ ምሰሶውን ከታች ሆኖ እንጂ ወጥቶ አያየውም፣ ሞተሩንም አይፈታም።

ሻጩ "ባለፈው ዓመት የተሠራ ሰርቬይ አለኝ፣ ለምን ታወጣለህ" ቢልዎ ያንብቡት፣ ግን አይተማመኑበት። ሪፖርቱ የተጻፈው ለከፈለው ሰው ነው፤ ኢንሹራንሱም በእርስዎ ስም የተሠራ ይፈልጋል።

5. ሰርቬየሩ ከመምጣቱ በፊት ራስዎ ይፈትሹ

ጀልባው ቀድሞም የእርስዎ ከሆነና ሰርቬዩ የእድሳት ከሆነ፣ ገንዘብ የሚቆጥቡት እዚህ ነው። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ጉድለት ግማሹ በአንድ ቅዳሜና በአንድ ካቻቪቴ የሚያልቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ከእሳት ማጥፊያው ይጀምሩ። ከሚያዝያ 20 ቀን 2022 ጀምሮ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ እንደሚለው፣ ዳግም የማይሞላ ማጥፊያ ከተሠራበት ዓመት አንሥቶ 12 ዓመት ካለፈው ዋጋ የለውም፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ ቢሆንም። ዓመቱ ከታች ከመቀመጫው ላይ ተቀርጿል፣ ገልብጠው ይዩ። የእርዳታ መጥሪያ ርችት ደግሞ ከተሠራ 42 ወር ሲሞላው ያበቃል። የሁለቱም መተኪያ ዋጋ ከአንድ የሬስቶራንት እራት አይበልጥም፤ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ግን ቸልተኛ ባለቤት ያስመስልዎታል።

ከዚያ ባትሪውን ይነቅንቁ። ከአንድ ኢንች በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማሰሪያ ይጨምሩለት፤ የፖዘቲቩን ጫፍ በሽፋን ይከልሉት፤ ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ እዚያው አጠገብ፣ በሰባት ኢንች ውስጥ፣ ፊውዝ እንዳለው ይመልከቱ። የየብስ መብራት (ከማሪናው የሚመጣው ኤሌክትሪክ) የሚሰካበትን ሶኬት ይንቀሉና ጫፉን ይዩ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ጀልባ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

ቀጥሎ ተንበርክከው ከውሃ በታች ያሉትን የውሃ ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ቫልቭ፣ ቫልቩም በእጅ የሚዞር እጀታ ሊኖረው ይገባል። የድሮ ባለቤቶች የቤት ቧንቧ የሚዘጋውን ዓይነት ክብ መዘውር ያለው የናስ ጌት ቫልቭ ገጥመው ይገኛል። ይህ ሰርቬየር አይቶ የማያልፈው ነው። ናስ በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩ እየሟሟ ይወጣና ወደ ሮዝ መልክ ተለውጦ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ደረጃው ቫልቩ የ500 ፓውንድ ግፊት ለ30 ሰከንድ እንዲሸከም ይጠይቃል፤ የእርስዎ ግን በእጅዎ ሲገፉት ከተወዛወዘ መልሱን አግኝተዋል። ጎማ ቱቦዎቹም ከውሃ መስመር በታች በሁለት በሁለት ማሰሪያ የጠበቁ ይሁኑ።

የምሰሶውን ሽቦዎች ከታችኛው ጫፋቸው አካባቢ በመጸዳጃ ወረቀት ይዳብሱ። ወረቀቱ ከተያዘ የተበጠሰ ክር አለ ማለት ነው። (በጣት አይሞክሩት፤ እኔ ሞክሬ ነው የምነግርዎ።) ሽቦው ዕድሜው ከ15 ዓመት ካለፈና የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ ቀይሩ ሊሉዎት እንደሚችሉ ይጠብቁ፤ በዓይን ደኅና ቢመስልም። ማይዝግ ብረት አየር በማያገኝበት፣ እርጥበት በታመቀበት ቦታ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ሽቦውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ሳህኖች ዴኩን (የጀልባውን የላይ ወለል) ሰንጥቀው በሚያልፉበት ቦታ የዝገት እንባ ካዩ ምልክቱ ያ ነው።

ጀልባዎ የቤንዚን ሞተር ካለው (ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካታሊናዎች አቶሚክ 4 የሚባለውን ይዘው ነው የመጡት) የሞተር ክፍሉን አየር የሚያወጣው ማራገቢያ እንደሚሠራ ያረጋግጡ። የጋዝ ምድጃ ካለው ሲሊንደሩ የተቀመጠበት ሣጥን ወደ ጀልባው ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ የሚያፈስ መሆን አለበት። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ወርዶ ከወለሉ ሥር ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል።

6. በፍተሻው ቀን አብረው ይገኙ

ሰርቬየሩ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻና የእርጥበት መለኪያ ይዞ ይመጣል። መዶሻው ጤነኛ ፋይበር ግላስ ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የበሰበሰ ሲሆን ድምፁ ይታፈናል። በዚያ ዘመን ዴክ የሚሠራው በሁለት የፋይበር ግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ እየተደረገ ነበር፤ አንዲት ቡሎን በደንብ ካልታሸገች ውሃው በዚያች ገብቶ ለዓመታት ይበላዋል። ሁለት መዳፍ የምታክል እርጥብ ቦታ ለኢንሹራንስ ብዙ አታሳስብም። ምሰሶው የቆመበት ወይም ሳህኖቹ የተያዙበት ቦታ ከሆነ ግን ታሳስባለች።

ከታች ደግሞ ከባዱ የእርሳስ ኪል (ጀልባው እንዳይገለበጥ ከሥሩ የተያያዘው ክብደት) ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን መስመር ያያል። ካታሊናዎች ፊት ለፊት በኩል በዚያ መስመር ላይ ስንጥቅ ያወጣሉ፤ ባለቤቶቹ "የካታሊና ፈገግታ" ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ቡሎኖቹን አጥብቆ ስንጥቁን ማሸግ ይበቃል። ቀደምት ካታሊና 30ዎች ግን ኪሉ የሚያርፍበት ውስጥ ኮምፔንሳቶ አለባቸውና እሱ በስብሶ ከሆነ ጥገናው ሌላ ወጪ ነው። አካሉ ላይ የሚታዩ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ብጉሮች ያስፈራሉ እንጂ የዚያ ዘመን ጀልባ የተለመደ ሕመም ናቸው።

አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ፣ ግን አይከራከሩት። "ይህን ራስህ ብትሆን ትቀይረው ነበር?" ብለው ይጠይቁት፤ ወረቀት ላይ የማይጽፈውን የሚነግርዎ በዚያች ጥያቄ ነው። እዚያው ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር ካገኘ ያስተካክሉና "በፍተሻው ወቅት ተስተካክሏል" ብሎ እንዲጽፍ ይጠይቁት።

7. የጉድለቱን ዝርዝር እንደ ዕዳ ይክፈሉት

ሪፖርቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገልጠው የዋጋውን ገጽ ነው። ኢንሹራንሱ ግን የሚገልጠው መጨረሻ ላይ ያለውን የማስተካከያ ዝርዝር ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል፤ ጀልባው ውሃ ከመግባቱ በፊት የግድ መጠገን ያለበት፣ በቅርቡ መጠገን ያለበት፣ እና ቢደረግ ጥሩ የሆነ። ድርጅቱ የመጀመሪያውን (አንዳንዱም ሁለተኛውን ጨምሮ) በ30 ወይም በ60 ቀን ጨርሰህ ፈርመህ ላክ የሚል ደብዳቤ ይልካል።

ይህን ደብዳቤ እንደ ተራ ወረቀት ፈርሞ መላክ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ያልቀየሩትን ቫልቭ ቀይሬአለሁ ብለው ፈርመው ጀልባው በዚያ ቫልቭ ቢሰምጥ፣ የካሳ ጥያቄዎን የሚጥለው የራስዎ ፊርማ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሡ፣ ደረሰኙን ያያይዙ፣ ራስዎ የሠሩትን "ራሴ ሠራሁት" ብለው ቀኑን ይጻፉ። ባለሙያ የሚፈልገውን (ጋዝና የየብስ መብራት) ለባለሙያ ይስጡ። ጊዜ ካነሰዎ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በኢሜይል ጭማሪ ይጠይቁ፤ ከመድረሱ በፊት የሚጠይቅን ሰው ብዙውን ጊዜ ይሰሙታል።

ትንሽ የሚመስል ጉድለት ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ለማየት አንድ የታወቀ ክርክር አለ። በ2019 ፎርት ሎደርዴል፣ ፍሎሪዳ አቅራቢያ ሬይደርስ ሪትሪት ሪያልቲ የተባለ ኩባንያ ያክት መሬት ነካች። እሳት የሚባል አልነበረም። ኢንሹራንሱ ግሬት ሌክስ ግን የእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎቹ በጊዜው አልተመረመሩም፣ አልታደሱም ብሎ ካሳውን ከለከለ። ክርክሩ እየተንከባለለ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የካቲት 21 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የወሰነው ስለ ማጥፊያው ሳይሆን ፖሊሲው ውስጥ የተጻፈው "የሚገዛው የኒውዮርክ ሕግ ነው" የሚል አንቀጽ በመርሕ ደረጃ የጸና ነው በሚለው ላይ ነበር። ከዚህ ለእኛ ሁለት ነገር ይተርፋል። እሳት ማጥፊያውን ይገልብጡ፤ ፖሊሲው የየትኛውን ግዛት ሕግ እንደሚከተል የሚናገረውን አንቀጽም ፈልገው ያንብቡ።

8. ፖሊሲውን ከመክፈልዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡ

ለቼሳፒክ ጀልባ የሚያስፈልጉትን ብቻ ልጥቀስ። "ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ" የሚል ቃል ይፈልጉ፤ በእሱ ጊዜ ከኪስዎ የሚወጣው ተቀናሽ በቁርጥ ዶላር ሳይሆን በመቶኛ ሊሆን ይችላል። በ15,000 ዶላር ጀልባ ላይ 10 በመቶ ከሆነ 1,500 ዶላር ከእርስዎ ነው። አውሎ ነፋስ የፍሎሪዳ ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በመስከረም 2003 ኢዛቤል የአናፖሊስን መሃል ከተማ በውሃ አጥለቅልቃለች። ማዕበሉ መቃረብ ከጀመረ ደግሞ ድርጅቶች አዲስ ፖሊሲ መሸጥ ያቆማሉ፣ ስለዚህ ነሐሴን አይጠብቁ።

ክረምቱን በተመለከተ የበረዶ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ ነው። ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ ቀዝቅዞ ብሎኩን ቢሰነጥቅ የሚጠይቁዎት "ማን ነው ለክረምት ያዘጋጀው? ደረሰኙ የት አለ?" ብለው ነው።

እርጅና፣ ዝገትና መበስበስ በየትኛውም ፖሊሲ አይከፈሉም። ግን የበሰበሰ ቱቦ ጀልባውን ቢያሰምጥስ? ደህና ፖሊሲ ቱቦውን አይከፍልም፣ መስመጡን ይከፍላል። ርካሹ ሁለቱንም አይከፍልም። ይህን ልዩነት በጽሑፍ እንዲያብራሩልዎ ይጠይቁ፤ ለአሮጌ ጀልባ ከአረቦኑ መጠን ይልቅ የምመዝነው ይህንን ነው።

መሬት ነክተው ሌላ ጀልባ ሊያወጣዎ ሲመጣ ደግሞ ገመዱን ከመቀበልዎ በፊት "ይህ መጎተት ነው ወይስ የማዳን ሥራ?" ብለው ይጠይቁ። መጎተት በሰዓት ይታሰባል። የማዳን ሥራ ግን በጥንት የባሕር ሕግ መሠረት ከዳነው ንብረት ዋጋ ድርሻ ያስጠይቃል፤ ፖሊሲው ያንን እስከ ምን ያህል እንደሚሸፍን አስቀድመው ይወቁ።

9. ከዚያ በኋላ

ሰርቬዩን፣ ደረሰኞቹን፣ ፎቶዎቹንና የፈረሙትን ደብዳቤ በአንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው አንድ ቅጂ ቤት ያስቀምጡ። ጀልባው ላይ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ከጀልባው ጋር ይሰምጣል። ጀልባውን የሚሸጡበት ቀን ሲመጣ የሽያጩ ወረቀት ተፈርሞ ርክክቡ እስኪያልቅ ድረስ ፖሊሲውን አይሰርዙ፤ ከዚያ ሲሰርዙ ያልተጠቀሙበትን አረቦን እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። ገዢው ሰርቬይዎን ቢለምንዎ እንዲያነበው ስጡት፣ ግን የራሱን እንዲያሠራ ይንገሩት። እና ቀብድ ሳይከፍል ለኢንሹራንሱ እንዲደውል።